በአያቴ ስም የሄደው

እኔ ጋኔን፣ ቆሌ፣ የቀትር ጥላ የሚባል ነገር አምኜ አላውቅም፣ ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁና ኋላ «ጥጋቡ ደግሞ ጀመረው» እንዳትሉኝ፣ ምክንያቱም ደባርቅ ውስጥ እኔ እውነት ስናገር እንኳ ሰው ሆዱን ይዞ ነው የሚስቀው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስሜን ተራራ ላይ ለፈረንጅ እንግዳ ሳበስል በየካምፑ ተኝቻለሁ፣ ጅብ ድስቴን ልሶ አጥቦልኛል፣ ጭላዳ ዝንጀሮ ሽንኩርቴን ሰርቆ ልጣጩን መልሶልኛል፣ ግን አንድም ሰይጣን «ሻይ አፍላልኝ» ብሎ መጥቶ አያውቅም። አሁንም የምጽፍላችሁ ፈርቼ አይደለም፣ ተናድጄ ነው።

ነገሩ የጀመረው ከሾርባ ነው። እንግዳ እንደ ልብ በሚመጣበት ዘመን፣ ማርታ የምትባል ጸጉሯ ነጭ የሆነ ፈረንጅ፣ ትልቅ ሰው ስለሆነች እኔ እትዬ ማርታ ነው የምላት፣ ጊች ካምፕ ላይ የሠራሁትን የገብስ ሾርባ ሦስት ሳህን ጠጥታ አራተኛውን ስታጋምስ አለቀሰች፣ ከሚጥሚጣው ይሁን ከጣሙ አልጠየቅኳትም። በአገሯ ተራራ ላይ የእንግዳ ማረፊያ አላት፣ ብርዳቸው ሲገባ ሰው ከያለበት መጥቶ እግሩ ላይ ሁለት ቀጫጭን ሳንቃ አስሮ በበረዶ ላይ ቁልቁል ይንሸራተታል፣ ስኪ ይሉታል፣ እኛ ሊማሊሞ ላይ ሳንቃም ሳናስር የምንንሸራተተውን ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ በየበዓሉ መልእክት እንላላክ ነበር። ኋላ እንግዳው ጥርግ ብሎ ጠፋ፣ ሚስቴ የሺ ገበያ ላይ ድንች እየቸረቸረች ቤቱን ብቻዋን ተሸከመችው፣ እኔም የባዶ ድስት ዘበኛ ሆኜ ቀረሁ። በዚህ መሐል ነው እትዬ ማርታ አምና «ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ለማእድ ቤቴ አብሳይ እፈልጋለሁ፣ የቅጥር ወረቀቱን ልኬልሃለሁ፣ ቪዛውን አንተ ጨርስ» ብላ የጻፈችልኝ። እኔ ዘለልኩ፣ የሺ ግን «ቪዛውን አንተ ጨርስ የምትለዋ ነገር ደስ አላለችኝም» አለች።

እውነቷን ነበር። የቪዛ ሰዎቹ በበረዶ አገር ሠርቶ የሚያውቅ መሆኑ በማስረጃ ይረጋገጥ አሉ። እኔን ነው እንግዲህ፣ ድንኳኔ ላይ የተጋገረ በረዶ በመጥበሻ እየፋቅኩ ያደግኩትን ሰው፣ ብርድ ታውቃለህ ወይ የሚሉኝ፣ እነሱ ማሞቂያ አጠገብ ተቀምጠው። እሺ ብዬ ወደ ተወለድኩበት ቀበሌ፣ ወደ አምባራስ ሄድኩ። ሊቀ መንበሩ ስለ በረዶ የልምድ ማስረጃ እፈልጋለሁ ስለው ፊቱ በራ፣ «በበረዶማ ከእናንተ ቤት ወዲያ ማን አለ» አለና ብዕሩን አነሣ።

ምን እንዳሰበ የገባኝ ኋላ ነው። መልሰው የሚባሉት አያቴ በረዶ መላሽ ነበሩ። ገብስ ሊደርስ ሲል ጥቁር ደመና ከመጣ አፋፉ ላይ ወጥተው ቆመው፣ የሚያውቁትን ጸሎት እየደገሙ፣ በረዶውን ወደ ሌላ አገር ይሸኙታል ይባላል፣ ገበሬውም በአውድማ ጊዜ ገብስ ይሰፍርላቸዋል። እኔ አላምንም፣ የራሳቸውን ማሳ በረዶ ሦስት ጊዜ ሲያስተኛው አይቻለሁ፣ እሳቸው ግን «የጎረቤቴን ስመልስ የራሴን እየረሳሁ ነው» ይሉ ነበር። ሊቀ መንበሩ የሚያውቀው የበረዶ ሥራ ይህን ብቻ ነውና «ግለሰቡ ከአያቱ ጀምሮ በረዶ በመመለስ ሥራ የታወቀ ቤተሰብ ልጅ መሆኑን እናረጋግጣለን» ብሎ ጻፈ፣ ማኅተሙንም እንደ በርበሬ ደለቀው። ጎንደር ያገኘሁት ተርጓሚ ደግሞ አንዲት ቃል ሳያጎድል ገለበጠው።

አዲስ አበባ ቪዛ መስጫው ዘንድ ሄጄ ሦስት ሰዓት ወረፋ ጠበቅኩ። በኋላ ድምፅ ማጉያው «መልሰው» ብሎ ጮኸ። በፎርሙ ላይ የቤተሰብ ስም በሚለው ቦታ አያቴ ስለተጻፉ፣ እነሱ ዘንድ እኔ ጥጋቡ መሆኔ ቀርቶ መልሰው ሆኛለሁ። አንድ ጊዜ ተጠራ፣ ዝም አልኩ፣ አያቴ ከሞቱ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል፣ እኔን ይመለከተኛል ብዬ እንዴት ላስብ። ሁለተኛ ሲጠራ በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ ወረቀቴን አየና፣

«አንተን እኮ ነው» አለኝ።

«እኔ ጥጋቡ ነኝ።»

«እዚህ መልሰው ነህ። ገና ሳትገባ መልሰው ካሉህ እንግዲህ ምን ትጠብቃለህ» ብሎ ጥርሱን አሳየኝ። ሌላ ቀን ቢሆን ቀልዱን እወድለት ነበር። ከዚያች ቀን ጀምሮ ግን ያ ድምፅ በተሰማ ቁጥር ተነሥቼ «አቤት» ማለት ለመድኩ፣ ሦስት ቀን አመላልሰውኛልና ጆሮዬ እንደ በቅሎ ተገርቷል።

መስኮቱ ጋ ስደርስ ሴትዮዋ ወረቀቱን አነበበች፣ አየችኝ፣ ደግማ አነበበች፣ ለአስተርጓሚው አንሾካሾከችለት።

«የኛ ተራራ የሚኖረው በበረዶ ነው፣ አንተ ደግሞ በረዶ የሚያባርር ሰው ነህ፣ ለምን እናስገባሃለን ነው የምትለው» አለኝ።

«እሱ አያቴ ናቸው፣ እኔ ሾርባ ነኝ» አልኩ። ሾርባ ነኝ ማለቴን እንዴት አድርጎ እንደተረጎመው እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ። ተከለከልኩ። እንደገና ማመልከት ከፈለግኩ በበረዶ ላይ ስሠራ የሚያሳይ ፎቶ ላምጣ ተባለ። እትዬ ማርታም «እስከ ኅዳር መጨረሻ ካልደረስክ ሌላ ሰው መቅጠሬ ነው፣ ይቅርታ» ብላ ጻፈች። እንግዲህ ወይ ፎቶው፣ ወይ የድንች ሚዛን።

ነሐሴ ላይ የቧሂት ተራራ ጫፍ በረዶ ይዟል ሲባል፣ አስረስ የሚባለውን የፓርኩን ጠባቂ ስካውት፣ ጠመንጃውን ከሚስቱ አብልጦ የሚወደውን ወዳጄን፣ አስከትዬ በአይሱዙ ጭነት ላይ ወጣሁ። ከመንገዱ ወርደን ሽቅብ ስንሄድ እኔ ነጭ ሽርጥ ለብሼ፣ ትልቁን ድስት ተሸክሜ፣ ጭልፋ ይዤ ነበር፣ በበረዶ ላይ ስሠራ መታየት አለብኝ ተብሏላ።

«ዋልያ እንዲህ ሆነህ ካየህ በሳቅ ገደል ይገባል፣ እኔ ነኝ የምጠየቀው» አለኝ አስረስ።

«ዝም ብለህ አንሣኝ፣ ፊቴ ላይ ብርድ እንዲታይ።»

«ፊትህ ላይ የሚታየው ረኀብ ነው።»

ቀትር ነበር፣ ልክ ስድስት ሰዓት፣ ሌሊት አልነበረም፣ ይህን አስምሩበት። በረዶው እንደ ተነጠፈ ነጠላ ሜዳውን ሞልቶታል፣ ከኛ እግር በቀር አንድም ዱካ አልነበረበትም፣ እመኑኝ፣ ድስቴን የት ላስቀምጥ ብዬ ሜዳውን ጥርት አድርጌ አይቼዋለሁ። አስረስ ዐሥር እርምጃ ርቆ ስልኩን ደገነ። በዚህ ጊዜ ጉሙ ከገደሉ በኩል ወጣ፣ የስሜን ጉም ታውቁታላችሁ፣ አይመጣም፣ ድንገት አለ። ነፋሱ ቆመ፣ ቁራው ዝም አለ፣ የአስረስ ጫማ ሲንቋቋ እሰማ ነበር፣ እሱም ጠፋ። ከዚያ ከታች፣ ከገደሉ ማዶ፣ ሰው ሊቆምበት ከማይችልበት ቦታ፣ ያ ድምፅ መጣ። ቀጭን፣ በአፍንጫ የሚወጣ፣ ፊደሉን የሚሰባብር፣ ቁርጥ የቪዛ መስጫው ድምፅ ማጉያ።

«መልሰው።»

ምን ላድርግ፣ ለምጄዋለሁ። ድስቱን አስቀምጬ፣ ቆቤን አውልቄ «አቤት» አልኩ።

ከእግሬ ሥር ሽርርር የሚል ነገር ተነሣ፣ ቁርበት በጭድ ላይ ሲጎተት እንደሚሰማው ያለ፣ እየፈጠነ፣ እየቀጠነ፣ ቁልቁል ወረደና ጠፋ። ሆዴ ቀለለኝ፣ ከባድ ሸክም ከጀርባ ሲወርድ ሰውነት ወደ ላይ እንደሚላችሁ ዓይነት። ጉሙም እንደመጣው ሄደ።

አስረስ ጠመንጃውን አውርዶ ቆሟል።

«ለማን ነው አቤት ያልከው?» አለኝ።

«አልሰማህም ሲጠሩኝ?»

«የሚጠራ አልሰማሁም። የሰማሁት አንተን ነው፣ ሁለቴ አቤት ስትል።»

«አንዴ ነው ያልኩት።»

«ሁለቴ ነው። አንዱ እዚህ፣ አንዱ ከገደሉ በታች።»

«የገደል ማሚቶ ነዋ፣ አንተ ደግሞ የበረሃ ሰው ይመስል።»

«የገደል ማሚቶ ዘግይታ ነው የምትመልስ፣ ጥጋቡ። የታችኛው ቀድሞሃል።» ቀጥሎም «ደግሞ ጠሪውን ሳታይ አቤት ትላለህ እንዴ፣ እናትህ ይህን ሳትነግርህ ነው ያሳደገችህ?» ብሎ ተቆጣኝ።

መልስ ልሰጠው ስል ወደ እግሬ አየ፣ እኔም አየሁ። ሁለት ቀጫጭን መስመር፣ ጎን ለጎን፣ በገመድ የተለኩ ይመስል እኩል፣ ከሁለቱ እግሮቼ መሐል ጀምረው ሜዳውን ሰንጥቀው ገደሉ አፍ ድረስ ሄደዋል። ከገደሉ ወዲያ አየር ነው።

«ዋልያ ይሆናል» አልኩት።

«ዋልያ ሲንሸራተት አይተህ ታውቃለህ?»

አላውቅም። መንገዱ ላይ ስንደርስ ስልኩን ከፍተን አየን። ፎቶዎቹ ሦስት ነበሩ፣ በሁለቱ ድስቴን ይዤ ቆሜያለሁ፣ በሦስተኛው ድስቱ ብቻ ነው ያለው። ጣትህ ሸፍኖኝ ነው አልኩት፣ ጣት ግን አልነበረም። ሁለቱን ለቪዛው አስገባሁ፣ ደህናዎች ነበሩ፣ ብርዱም ታይቷል።

አሁን ነው ንዴቱ። ኅዳር ላይ መልስ መጣ፣ ተከልክለሃል የሚል። ምክንያቱን ሳስነብብ፣ አመልካቹ ለዚህ ወቅት ሥራ ፈቃድ ተሰጥቶት አገር የገባ ስለሆነና ስላልወጣ ሁለተኛ ፈቃድ አይሰጠውም ይላል። ገብተሃል። እኔ። ደባርቅ መናኸሪያ ፊት ለፊት ተቀምጬ በቆሎ እየጠበስኩ። ደወልኩ፣ ጻፍኩ፣ ፓስፖርቴ ባዶ ነው፣ ዝንብ እንኳ አላረፈችበትም አልኩ። መዝገቡ እንደዚያ ይላል አሉኝ። ሰው ራሱን ለማስረዳት እዚህ መሆኑን ማስመስከር አለበት እንዴ፣ እዚህ ሆኖ እየጮኸ?

በዚህ መሐል ታኅሣሥ ገባ፣ እትዬ ማርታ ጋ ጻፍኩ፣ ይቅርታ፣ መምጣት አልቻልኩም ብዬ። «ሁሌም ትቀልዳለህ» ብላ መለሰች። «ሾርባህን እንግዶቼ ወደውታል። ግን ለምን አትናገርም? ሥራ ስትጨርስም ለምን እሳት አጠገብ አትቀመጥም፣ ውጭ በረዶ ላይ መቆም ምን ይባላል?» ፎቶም ላከችልኝ። አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ድስት ላይ አጎንብሷል። የሺ ስልኩን ተቀብላ ብዙ አየችው።

«ማጅራቱ ያንተ ነው» አለች። በቅሎ የነከሰችኝ ጠባሳ አለኝ፣ እዚያው ቦታ ላይ አለ።

«እኔ እዚህ ነኝ አይደለም እንዴ።»

«አዎ፣ እዚህ ነህ» አለች፣ ግን እጄን ይዛ ነው ያለችው።

አሁንም እላችኋለሁ፣ ጋኔን አላምንም። ለጋኔን ቪዛ የሚሰጥ፣ ለኔ የሚከለክል መሥሪያ ቤት አለ ብዬ ግን እንዴት ዝም ልበል? ሃያ ሁለት ዓመት ያበሰልኩትን ሾርባ ሌላ ሰው በኔ ማጅራት ያበስላል፣ ምስጋናውን ይቀበላል፣ እኔ ደግሞ የሚስቴን ድንች እጠብቃለሁ። ለማን ልናገር፣ ለፖሊስ? ስነግረው ወንበሩ ላይ ተንፈራግጦ ሳቀ፣ ጓደኞቹንም ጠርቶ ድገመው አለኝ።

መጋቢት አልቆ ሚያዝያ ሲገባ እትዬ ማርታ የመጨረሻውን ጻፈች። ወቅቱ አልቋል፣ ሸኝተንሃል፣ በሰላም አገርህ ግባ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ የጎንደር አውቶቡስ ሲገባ መናኸሪያ አልጠፋም። ፊቱን ማየት እፈልጋለሁ፣ ሰው ከሆነ ሰው ነኝ ይበለኝ፣ ካልሆነም የሥራ ልምድ ወረቀቴን ይስጠኝ። ከትናንት በስቲያ የሰፈራችን መሪጌታ ኅሩይ ከአውቶቡሱ ወርደው ሲያዩኝ ደነገጡ።

«አንተ ጥጋቡ፣ ዳባት ላይ ወርደህ አልነበር እንዴ?»

«እኔ? ከዚህ የትም አልሄድኩም፣ መሪጌታ።»

«ከኋላዬ ነበር የተቀመጥክ። ሰላም ብልህ ዝም አልከኝ፣ እጅህም ቀዝቃዛ ነበር። ዳባት ላይ ወርደህ በእግርህ መንገዱን ያዝክ።» ከዚያ እጄን ዳሰሱ፣ አማተቡና ሄዱ።

ትናንት ጎህ ሳይቀድ ወጥቼ በዳባት መንገድ ዳር ቀኑን ሙሉ ቆምኩ። በቅሎ አለፈ፣ አህያ አለፈ፣ ተማሪ አለፈ፣ እኔን የሚመስል አላለፈም። ማታ ደክሞኝ ስገባ የሺ ተኮሳትራ ተቀምጣለች።

«ምን አስቀየምኩህ?» አለችኝ።

«ምን አደረግኩ?»

«ጠዋት ረፋዱ ላይ ገብተህ፣ ቁርስህን ጥርግ አድርገህ በልተህ፣ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ጀርባህን ሰጥተኸኝ ወጣህ። ደህና ዋል ስልህ እንኳ አልዞርክም።»

እኔ ትናንት ቁርስ አልበላሁም።