የነመራ ጥርስ፣ የድርቤ አፍ

«ልጁ ከትናንት ማታ ጀምሮ ምንም አልቀመሰም?» አለች ሲስተር ሐረግወይን፣ ትንሿን የመድኃኒት ብርጭቆ በእጇ ይዛ።

ጥያቄው ለአዳዳ በቀለች ነበር። አዳዳ የድርቤ አባት እህት ናቸው፤ አማርኛ አይሰሙም። ሲስተር ሐረግወይን ደግሞ ከሸዋ ከመጣች ገና ዓመቷ ስለሆነ ከኦሮምኛ የምታውቀው ሰላምታውን ብቻ ነው። ስለዚህ በነቀምቴው ሆስፒታል የጥርስ ክፍል በር ላይ፣ በሁለቱ መካከል ቆማ የአንዷን ቃል ለሌላዋ የምታቀብለው የአሥራ አራት ዓመቷ ድርቤ ነበረች።

«ማል ጄቴ?» አሉ አዳዳ። ምን አለች ማለታቸው ነው።

ድርቤ ጥያቄውን በኦሮምኛ ነገረቻቸው።

«ምንም አልበላም በያት» አሉ አዳዳ፣ ፊታቸው ሳይለወጥ።

ድርቤ እውነቱን ታውቃለች። ታናሽ ወንድሟ ነመራ በልቷል። ጎህ ሲቀድ አዳዳ የተቀቀለ የአንጮቴ ሥር ደቁሰው፣ በንጥር ቅቤ ለውሰው፣ በጣታቸው እየጠቀለሉ ሲያጎርሱት በዓይኗ አይታለች።

«አዳዳ፣ በባዶ ሆዱ ይምጣ ብለውናል እኮ!» ብላ ነበር ያኔ።

«ዝም በዪ! አንጮቴ የአጥንት መድኃኒት ነው። አጥንቱን ሊነቅሉት አይደል? በባዶ ሆዱ ለብረት አልሰጠውም። ክንድሽ የተሰበረ ጊዜ ማን ጠገነልሽ?»

ክንዷ የታሰረበት ጄሶም ትንሽ ሳይረዳ አልቀረም። ግን ከአዳዳ ጋር ተከራክሮ የረታ ሰው በሰፈራቸው በጨለለቂ እስካሁን አልተገኘም። ደግሞም ያን ክረምት በየቀኑ አንጮቴ እየቀቀሉ ያበሏት እሳቸው ናቸው። ድርቤ ከገጠር፣ ከጉቴ መጥታ ነቀምቴ የምትማረውም በእሳቸው ቤት ተቀምጣ ነው። ስለዚህ አልተከራከረችም።

ጣጣው የተጀመረው ትናንት ነው። የጥርስ ሐኪሙ ከአዲስ አበባ አልፎ አልፎ ብቻ የሚመጣ ፈረንጅ ነው። ነመራ አፉን ክፈት ሲባል ከፈተ፤ ከዚያ የሐኪሙን ጣት ነከሰ። ሰባት ዓመቱ ቢሆንም ንክሻው የዋዛ አልነበረም።

«ነገ የሚያፈዝ ሽሮፕ እንሰጠዋለን» አለች ሲስተር ሐረግወይን ለድርቤ። «ጨርሶ አያስተኛውም። ስንጠራው ይሰማናል፣ አፉን ይከፍታል፤ ፍርሃቱ ግን ይለቀዋል። ሆዱ ባዶ መሆን አለበት። ፈዞ ሳለ ቢያስታውክ፣ ምግቡ ወደ ሳንባው ይገባና ሊያፍነው ይችላል። ገባሽ?»

«ገባኝ» አለች ድርቤ። ለአዳዳም አንድ በአንድ ተረጎመችላቸው። አዳዳ ራሳቸውን ነቅንቀው ነበር፤ መስማት ሌላ፣ ማመን ሌላ።

አሁን ሲስተር ሐረግወይን መልስ ትጠብቃለች። ልጅ ትልቅ ሰውን፣ ያውም በሰው ፊት፣ ዋሽተዋል አይልም። ድርቤ በዚህ ነው ያደገችው።

«ምንም አልበላም ይላሉ» አለች።

ውሸቱ የአዳዳ ነው፣ እኔ ያቀበልኩት ቃል ብቻ ነው ብላ ራሷን ልታጽናና ሞከረች። አልሆነላትም። ነመራ ውስጥ ገብቶ የሐኪሙ ወንበር ላይ ወጣ። ያበጠው ጉንጩ ድንች የጎረሰ አስመስሎታል። ሲስተር ብርጭቆውን ወደ አፉ ስታስጠጋለት ልጁ ፊቱን አኮማትሮ አገሣ። የቅቤው ሽታ በሩ ላይ ለቆመችው ለድርቤ ሳይቀር ደረሳት።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል።

«አይስጡት! በልቷል!»

ሲስተር እጇን መለሰች። «ምን አልሽ? መቼ ነው የበላው?»

«ዛሬ ጠዋት፣ ሲነጋ።»

«ማን አበላው?»

አዳዳ ቃሉን ባይሰሙም ፊት ያነባሉ፤ አንዴ ሲስተርን፣ አንዴ ድርቤን እያዩ ነበር። ድርቤ ዓይኗን ከአዳዳ መለሰች።

«እኔ ነኝ» አለች።

«አንቺ? ትናንት ገባኝ ያልሽው አንቺ? አሁን ደግሞ አልበላም ብለሽ? የተማረች ልጅ ብዬ አምኜሽ! ገድለሽው ነበር እኮ!»

ድርቤ እንባዋ መጣ፤ አንገቷን ደፋች። ሲስተር ከሐኪሙ ጋር በእንግሊዝኛ ተነጋገረች። ሐኪሙ ሰዓቱን አየና ራሱን ነቀነቀ።

«የመጨረሻው ተራ ይሰጠዋል» አለች ሲስተር ተመልሳ። «ያኔም ብርሃን ካለ ነው። ሐኪሙ ነገ ማለዳ ወደ ጊምቢ ይሄዳል። እብጠቱ ወደ አንገቱ እየወረደ ነው፤ ሌላ ጊዜ የሚባል ነገር አይደለም። እስከዚያ ምንም እንዳይቀምስ!»

«ማል ጄቴ?» አሉ አዳዳ።

«ሌላ በሽተኛ ስላለ ጠብቁ አለች» አለቻቸው ድርቤ። ይኸው፣ በአንድ ጠዋት በሁለት ቋንቋ ዋሸች።

ኮሪደሩ ውስጥ፣ ከጃንሆይ ፎቶግራፍ ሥር ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ነመራ ራሱን እህቱ ጭን ላይ ጥሎ ያቃስታል።

«ድርቤ፣ ራበኝ።»

«ትንሽ ቻል።»

«ውኃስ?»

«ውኃም የለም፣ የኔ ወንድም።»

ድርቤ ዓይኗ ከመስኮቱ አልነቀል አለ። ፀሐይዋ ዛሬ ምን አጣደፋት? ብትጠልቅ ነመራን ምን ይውጠዋል? ዝም ብትል ኖሮ ይህን ጊዜ ጥርሱ ወጥቶ ነበር። ወይም ደግሞ... ሁለተኛውን እስከ መጨረሻው ልታስበው አልቻለችም። ደጋግማ የነመራን አንገት በመዳፏ ትዳስሳለች፤ ይፋጃል።

ከጎናቸው መንጋጋቸውን በሻርፕ ያሰሩ ሰው ተቀምጠዋል። ገበያው አጠገብ ሱቅ ያላቸው ጉራጌው አቶ ማዘንጊያ ናቸው። እንደ ማንኛውም የነቀምቴ ነጋዴ ኦሮምኛውንም አማርኛውንም ያቀላጥፉታል፤ የጥርስ ሕመምም አፋቸውን አልዘጋውም። ወደ አዳዳ ዘንበል ብለው በኦሮምኛ ጀመሩ።

«ልጅቱን ምነው እንዲህ አሰደቧት? ልጁን ያበላሁት እኔ ነኝ ብላ፣ ያቺ ነርስ ገደልሽው ስትላት እኮ ሰማሁ።»

«ምን ብላ?» አሉ አዳዳ።

አቶ ማዘንጊያ ሁሉንም ነገሯቸው። ሽሮፑ ምግብ ካገኘ ልጁ ሊታፈን ይችል እንደነበርም ጨመሩበት። ወዲያው ተራቸው ደረሰና እየተሳቀቁ ገቡ።

ድርቤ ቁጣውን ጠበቀች። አዳዳ አልተቆጡም። ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠግተው የነመራን ጀርባ ያሹ ጀመር። ይህ ከቁጣቸው ይልቅ አስፈራት። ቤቴን ልቀቂ ይሉኝ ይሆን? ለአባቴ መልእክት ይልኩብኝ ይሆን?

ፀሐይዋ ልታዘቀዝቅ ስትል በሩ ተከፈተ።

«ነመራን አምጡት» አለች ሲስተር። «አብሮት የሚቀመጥ ሰው እፈልጋለሁ። ሲፈዝ በቋንቋው እየጠራው፣ አተነፋፈሱን የሚያይ። እሳቸው ይግቡ። አንቺ እዚሁ ቆዪ፤ አንቺን ከእንግዲህ አላምንም።»

ድርቤ የሲስተርን ቃል ሳታዛንፍ ለአዳዳ ተረጎመችላቸው፤ የመጨረሻዋን እንኳ አላስቀረችም።

አዳዳ ተነሡ። ነጠላቸውን አጣፉ፤ ለቤተ ክርስቲያን እንደሚቆሙ ቀጥ ብለው ቆሙ። ዓይናቸውን ሲስተር ላይ ተክለው በኦሮምኛ፣ ረጋ ብለው ተናገሩ። ድምፃቸው አንድ ጊዜ ብቻ ተሰበረ።

«ምን አሉ?» አለች ሲስተር።

ድርቤ ዙሪያዋን ቃኘች። አቶ ማዘንጊያ በሌላው በር ወጥተው ሄደዋል፤ በኮሪደሩ ላይ ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ እሷ ብቻ ናት። «እሺ ብለዋል» ብትል ማን ይነቃባታል? አዳዳ በዚህች ልጅ እግር ነርስ ፊት አይዋረዱም። እሷም የተሰደበችውን አንዴ ተሰድባለች።

«በያት እንጂ፣ ያ ኢንተለ ኮ» አሉ አዳዳ። ልጄ ማለታቸው ነው። «እንዳትቀንሺ።»

ድርቤ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች።

«‹ጠዋት ያበላሁት እኔ ነኝ። ልጅቱን አልበላም በያት ያልኳትም እኔ ነኝ። እኔን ላለማዋረድ ብላ ነው በራሷ ላይ ያደረገችው። እኔ ፈርቼ ልጁን እንደገና እበድል ይሆናል፤ አብራው እሷ ትግባ› ይላሉ።»

ሲስተር ሐረግወይን ለአፍታ ሁለቱንም አየቻቸው።

«ከዚያ ወዲህስ ምንም አልቀመሰም?»

ድርቤ ጥያቄውን ተረጎመች፤ አዳዳ መለሱ።

«‹ውኃ እንኳ አልቀመሰም› ይላሉ» አለች ድርቤ። «እኔም አይቻለሁ፤ እውነት ነው።»

«በይ፣ ወንድምሽን ይዘሽ ግቢ» አለቻት ሲስተር፣ በሩን ከፍታ ይዛ።