ቁልቁል ሁሉ ቤት አይደለም

አውቶቡሱ ከጉርድ ሾላ ሊነሳ ሲል ርዕሰ መምህሯ ወይዘሮ ለተሥላሴ በሩን ይዘው ጣታቸውን አነሱ።

«አስር ሰዓት። አንድ ደቂቃ ብታልፉ ወይም አንድ ልጅ ቢጎዳ ከዚህ ግቢ ሁለተኛ አንድ ክፍል ለጉብኝት አይወጣም።»

«ገባኝ» አለ መምህር ወርቅአየሁ።

ይህችን ቀን ለማግኘት ሦስት ዓመት ደጅ ጠንቷል። ጂኦግራፊ ማስተማር ከጀመረ አስራ አራት ዓመት ሞልቶታል። አስራ አራቱንም ዓመት ተራራውን በነጭ፣ ወንዙን በሰማያዊ ጠመኔ ሲስል የኖረ እንጂ ጫማው ጭቃ ነክቶት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ተማሪዎቹም ቢሆኑ ቀበናን የሚያውቁት ድልድዩን ሲሻገሩ አፍንጫቸውን ይዘው ነው። ዛሬ ግን የዘጠነኛ ክፍል የጂኦግራፊ ክበብ አስራ አንድ አባላት ያንን ወንዝ ሽቅብ ተከትለው እንጦጦ ላይ ከሚፈልቅበት ሊደርሱ፣ ከምንጩም አንድ ጠርሙስ ቀድተው ሊመለሱ ነው።

መገናኛን አልፈው ወደ ፈረንሳይ ሰፈር ሽቅብ ሲታጠፉ ሶሬቲ ከኋላ ወንበር መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። ቃል የምትቆጥብ ልጅ ናት፤ አንድ ነገር ከያዘች ግን መዥገር ናት፣ አትለቅም። አራት ቦታ የታጠፈ የፈተና ወረቀት ዘረጋችለት።

«ቲቸር፣ አስራ ስምንተኛው ጥያቄ።»

ጥያቄው «ተራራ ላይ መንገድ ቢጠፋብህ ምን ታደርጋለህ?» ይላል። መልሱ በየዓመቱ አንድ ነው፦ ውኃ ተከትዬ ቁልቁል እወርዳለሁ። ሶሬቲ ግን «መጀመሪያ ውኃው ወዴት እንደሚሄድ አጣራለሁ» ብላ ጽፋለች። በቀይ ተሰርዟል፤ ሁለት ነጥብም ሄዷል።

«ውኃ ቁልቁል ነው የሚሄደው፣ ሶሬቲ። ሰውም ያለው ቁልቁል ነው።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ» አለና ወረቀቱን መለሰላት።

አስፋልቱ ሲያልቅ ወረዱ። ተማሪዎቹ በትምህርት ቤቱ ደንብ ስልክ አልያዙም። ወርቅአየሁም አርአያ ለመሆን ብሎ የራሱን ለሾፌሩ አስረከበ። «ዛሬ ካርታና ኮምፓስ ብቻ» አለ ደረቱን ነፍቶ። ካርታውን ለቀልደኛው ለሀሚድ፣ ኮምፓሱን ለሶሬቲ፣ ባዶውን ጠርሙስ ከሁሉም ለምታንሰው ለምሥጋና ሰጠ። አብረዋቸው የመጡት የግቢው ጥበቃ ጋሽ ቢራቱ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ ጋደም አድርገው ይህን ሁሉ ተመለከቱ። የሆሳዕና ሰው ናቸው፤ እንጦጦን አያውቁትም፤ ጫካ ግን ያውቃሉ።

ሸለቆው ገና ከመግቢያው ፈተናቸው። እርጥቡ የባሕር ዛፍ ቅጠል ያንሸራትታል፣ ድንጋዩ ይከዳል። ሀሚድ ሽቅብ ሲቧጥጥ ሁለት ሜትር ተንሸራቶ ወረደና ጭቃ በጭቃ ሆኖ ቀና አለ።

«ቲቸር፣ የኮንቱር መስመሮች ሲጠጋጉ ዳገት ነው ብለውን ነበር። አሁን ገባኝ።»

ሁሉም ሳቁ። ወርቅአየሁም ሳቀ፤ ልቡም በደስታ ሞልቶ ነበር። ሰሌዳ ላይ ሲያዛጉበት የነበሩት ልጆች እዚህ ድንጋይ እየፈነቀሉ፣ የገደሉን አፈር በየቀለሙ እየለዩ፣ በጥቅል ሜትር ወንዙን እየለኩ ጥያቄ ያዘንቡበት ጀመር። ግማሹን መመለስ አልቻለም፤ ይህም አላሳፈረውም። ውኃው ከፍ ባሉ ቁጥር እየጠበበ፣ ሽታው እየጠፋ ሄደ። አንድ ቦታ ላይ ምሥጋና ቆመች።

«ባሕር ዛፉ አለቀ። ይሄ ጥድ ነው፣ ያኛውም ኮሶ። ባዮሎጂ ላይ አይተነዋል።»

ከጥዱ ሥር፣ ከጥቁር ዓለት ስንጥቅ፣ የክንድ ውፍረት ያለው ውኃ ይወጣል። ሀሚድ ተንበረከከና እጁን ነከረ።

«ይሄ ነው ቀበና?» አለ ቀስ ብሎ። «ይሄንን ነው እንደዚያ ያደረግነው?»

ምሥጋና ጠርሙሷን ሞላች። ሰዓቱ ገና አምስት ነበር።

እዚህ ላይ ቢመለሱ ኖሮ የምናወራው ነገር አይኖርም ነበር። ወርቅአየሁ ግን ድል የቀናው ሰው ሆነ። «እዚህ ድረስ መጥተንማ ጫፉ ላይ ሳንወጣ አንመለስም። ከተማችንን ከላይ እናያታለን» አለ። ጋሽ ቢራቱ ወደ ሰማይ ቀና ብለው «ያ ደመና ደስ አይልም» ቢሉ የሰማቸው አልተገኘም።

ጉሙ መጀመሪያ የዛፎቹን ጫፍ፣ ቀጥሎ ግንዱን፣ ከዚያ ፊትና ኋላ የሚሄዱትን ልጆች ዋጠ። ከዚያ በረዶ ወረደ። ባቄላ የሚያህለው ጠጠር ጆሮና አንገት ይገርፋል፤ ከላይ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ እየተገነጠለ ይወድቃል። «እጅ ለእጅ ተያያዙ!» እያለ ወርቅአየሁ ልጆቹን ከአንድ ዓለት ጥግ ሰበሰበ፤ ቆጠራቸው፤ አልተማመነም፣ እንደገና ቆጠራቸው። በረዶው አንድ ሰዓት ቆየ። ሲያባራ ምድሩ ነጭ ነበር፤ የመጡበት ዱካ የለም፤ ጉሙ ግን አልሄደም። ጋሽ ቢራቱ ባለ ቁልፍ ስልካቸውን አውጥተው ከፍ ዝቅ አደረጉት። ኔትወርክ የለም።

ከጉሙ ውስጥ የውኃ ድምፅ ተሰማ።

«ይኸውላችሁ» አለ ወርቅአየሁ፣ ትንፋሹ መለስ ብሎ። «ጫፉ ላይ ገና አልደረስንም፤ ይሄ ውኃ ወደ ቀበና ነው የሚወርደው። እንከተለዋለን።»

በዚህ አይፈረድበትም። አዲስ አበባ ላደገ ሰው ሽቅብ ማለት እንጦጦ፣ ቁልቁል ማለት ከተማ ነው፤ ቤቱን በእግሩ ዝንባሌ ነው የሚያውቀው። ግን ሰው ያለ ነገር አይተርትም፤ ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል።

አንድ ሰዓት ወረዱ። ምሥጋና ድንጋይ ከድቷት ቁርጭምጭሚቷ ዞረ። ወርቅአየሁ ሻርፑን ቀዶ አሰረላትና አዘላት። «አንድ ልጅ ቢጎዳ» የሚለው የርዕሰ መምህሯ ድምፅ ጆሮው ውስጥ ያቃጭል ነበር። ሰዓቱን አየ፤ ስምንት። በሁለት ሰዓት ውስጥ ጉርድ ሾላ ካልደረሰ በዚህ ግቢ የሚማር ልጅ ሁሉ ወንዝን በጠመኔ ብቻ እያየ ሊያድግ ነው።

ሸለቆው ሲጠብብ ጋሽ ቢራቱ ዱላቸውን አግድመው ሁሉንም አቆሙ። ከፊታቸው የአህያ ጥንብ ወድቋል፤ ከጥንቡ ጀርባ ሁለት ጅቦች አንገታቸውን ቀና አድርገው ያዩዋቸዋል።

«ማንም እንዳይሮጥ» አሉ ጋሽ ቢራቱ፣ ድምፃቸውን ሳይቀይሩ። «ተጠጋጉ። ትንንሾቹ መሐል። ጃኬታችሁን ከራሳችሁ በላይ ዘርጉ።»

አስራ አንዱ ልጆች አንድ ሰፊ ነገር ሆነው ቆሙ። ሀሚድ የምሳ ዕቃውን በማንኪያ መደብደብ ጀመረ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ትልቁ ጅብ ሁለት እርምጃ ቀረበ። ጋሽ ቢራቱም ሁለት እርምጃ ቀረቡ። ሽማግሌውና ጅቡ ተያዩ፤ ረጅም ጊዜ የሆነ መሰለ። ከዚያ ጅቡ ዞረና ሌላውን አስከትሎ ጉሙ ውስጥ ገባ።

«ድሮም ፈሪ ነው!» አለ ሀሚድ፣ ድምፁ ተሰነጣጥቆ።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አሉ ጋሽ ቢራቱ፤ ልጆቹም እያለቀሱ ሳቁ።

ያልሳቀችው ሶሬቲ ነበረች። ኮምፓሱን መዳፏ ላይ አድርጋ ቆማለች።

«ቲቸር፣ ውኃው ወደ ሰሜን ነው የሚሄደው።»

«እንጦጦ የብረት ድንጋይ አለበት ይባላል። ኮምፓስ ያሳስታል።»

«እኔም እንደሱ ብዬ ነበር። ስድስት ቦታ ለካሁት፣ ስድስቱም አንድ ነው።» ኮምፓሱን አሳየችው። «ደግሞ አንድ ሰዓት ሙሉ ወርደን አንድ የቆርቆሮ ቤት አላየንም።»

«የመገናኛ ጥሩንባም አይሰማም» አለ ሀሚድ። «ከየትም ይሰማ የለ።»

ወርቅአየሁ መርፌውን አየ። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም የሚለው ተረት ትዝ አለው፤ ወዲያው ደግሞ በዚያ ተረት አፈረ። በጉሙ ውስጥ ጫፉን ሳያውቁት ተሻግረው ኖሯል። በእያንዳንዱ እርምጃ ከቤታቸው እየራቁ ነው፣ ያውም እሱ እየመራቸው። ጀርባው ላይ የምሥጋና ትንፋሽ ይሰማዋል።

«ልክ ነሽ» አለ። በአስራ አራት ዓመት ውስጥ ለተማሪ ተናግሮት የማያውቀውን ቀጠለበት፦ «እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። ምሪን።»

ሶሬቲ ጠጥታ የጨረሰችውን የውኃ ጠርሙሷን ከቦርሳዋ አውጥታ ከዚያው ወንዝ ሞላች፤ ከዚያ ፊቷን ወደ ደቡብ አዙራ ዳገቱን ተያያዘችው።

ግማሽ ሳይወጡ ውሾች ጮሁ። ሦስት ገበሬዎች፣ አንዱ ፈረስ እየሳበ፣ ሁለቱ መጥረቢያ ይዘው፣ መንገዱን ዘጉት። ፈረስ የሚስበው ሰው ሀሚድ አንገት ላይ የተንጠለጠለውን ሜትር፣ ቀጥሎ ካርታውን አየ።

«ማን ላካችሁ?» አለ። «መሬት ልትለኩ ነው? ካርታ ይዞ የመጣ ሰው ደግ ነገር አምጥቶልን አያውቅም።»

ወርቅአየሁ ሊያስረዳ ሞከረ፤ ሰውየው ዓይኑን ከካርታው አላነሳም። ሶሬቲ ግን ቀረብ ብላ እጅ ነሳችና በኦሮምኛ ተናገረች፤ በቤቷ ቋንቋ ስትናገር ያቺ ዝምተኛ ልጅ ሌላ ሰው ሆነች። የምሥጋናን ጠርሙስ ተቀብላ ሁለቱንም አሳየችው፣ ኮምፓሱን መዳፉ ላይ አኖረችለት፣ በጣቷ ከዳገቱ ወዲህና ወዲያ አመለከተች። ሰውየው የኮምፓሱን መርፌ ሲያሽከረክር ቆየና ሳቀ። ስሙ ሊሊሳ ነው። ወደ ወርቅአየሁ ዞረ።

«መምህር፣ ይቺ ልጅ ታውቃለች። ይሄ ውኃ ወደ ሙገር ወንዝ ነው የሚሄደው። አዲስ አበባን አይቷት አያውቅም።»

ከዚያ ምሥጋናን ከመምህሩ ጀርባ አንስቶ ፈረሱ ላይ አስቀመጣትና በአቋራጭ ወደ ጫፉ መራቸው።

ጫፉ ላይ ሲደርሱ ጉሙ ተገፈፈ። በደቡብ በኩል ከተማው እስከ ሲ.ኤም.ሲ ማዶ ድረስ ተዘርግቶ ያብለጨልጫል፤ በሰሜን አረንጓዴው ሜዳ ወደ አባይ አገር ይወርዳል። የቀለጠው በረዶ ከእግራቸው ሥር ግማሹ ወዲህ፣ ግማሹ ወዲያ እየተንጠባጠበ ነበር። በአንድ በኩል ያለው በአዋሽ ሄዶ አፋር በረሃ ላይ ይቀራል፤ የአንድ እርምጃ ጎረቤቱ በአባይ አድርጎ ሜዲትራኒያን ይገባል። ወርቅአየሁ «ተፋሰስ» የሚለውን ቃል ስንት ሰሌዳ ላይ እንደጻፈው አያውቅም። አሁን አንድ እግሩን ወዲህ፣ አንድ እግሩን ወዲያ አድርጎ ቆመና ዓይኑ እንባ ሞላ፤ አልደበቀውም። ልጆቹም አንድ በአንድ እየመጡ እንደሱ ቆሙ።

ከዚያ ወረዱ፤ በዚህኛው በኩል።

ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሲደርሱ አስራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነበር። ወላጆች ተሰብስበዋል። ወይዘሮ ለተሥላሴ ልጆቹን ሲወርዱ ቆጠሯቸው፣ የምሥጋናን እግር አዩ፣ ፊታቸው ጠቆረ።

«አቶ ወርቅአየሁ፣ ሰዓቱን ያውቁታል?»

«አውቀዋለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ስልኬን ትቼ ሄድኩ፣ ደመናው ደስ አይልም ስባል አልሰማሁም፣ መንገዱን ሳትኩ። ልጆቹን ያዳኑት ጋሽ ቢራቱ ናቸው፤ የመለሰችን ደግሞ ሶሬቲ ናት።»

ርዕሰ መምህሯ ሊናገሩ ሲሉ ሶሬቲ ሁለቱን ጠርሙሶች የጥበቃው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። ይሄኛው አፋር እንደሚቀር፣ ያኛው ባሕር እንደሚገባ፣ በመሐላቸው ያለው አንድ ጫፍ ብቻ እንደሆነ አስረዳች። ሀሚድ እያቋረጣት ጅቡን ጨመረበት፤ ምሥጋና በአንድ እግሯ ቆማ ስለ ጥዱ ተናገረች፤ ሌሎቹም እየተሻሙ ቀጠሉ። ወላጆች ቁጣቸውን ትተው ጠጋ አሉ። ወይዘሮ ለተሥላሴ ሁለቱንም ጠርሙስ አንስተው ወደ ብርሃኑ ያዙ። አንዱ ከሌላው አይለይም።

«እኔም እዚሁ ነው ያደግሁት» አሉ ለራሳቸው ያህል። «እንጦጦ ሁሉንም ወደኛ የሚያፈስ ነበር የሚመስለኝ።»

ጠርሙሶቹን በጥንቃቄ መልሰው አስቀመጡ።

«በሚቀጥለው ጊዜ ስልክዎን ይዘው ይሂዱ» አሉና ወደ ቢሯቸው ገቡ።

ወርቅአየሁ ከዚያ ሁሉ ንግግር የሰማው «በሚቀጥለው ጊዜ» የሚለውን ብቻ ነበር። ጋሽ ቢራቱ በዱላቸው ጎኑን ነካ አደረጉት።

ሶሬቲ አባቷን ተከትላ ልትሄድ ስትል ጠራት።

«ያን ወረቀት አምጪው።»

አራት ቦታ የታጠፈው ወረቀት በረዶው አርሶት ነበር። በጥበቃው ጠረጴዛ ላይ፣ በሁለቱ ጠርሙሶች መካከል ዘረጋውና ቀይ እስክሪብቶውን አወጣ። ሁለቱን ነጥብ መለሰላት። ከዚያ ከቦርሳው አስራ አራት ዓመት ሲያርምበት የኖረውን የመልስ ደብተር አውጥቶ አስራ ስምንተኛው ጥያቄ ላይ ገለጠው፤ የራሱን መልስ ሰረዘና ከበላዩ የእሷን ጻፈ።