አንገቷን አደራ!

መጀመሪያ ያየሁት ቀን ተቆጣሁት።

በጨርቅ የተጠቀለለ ሐውልት ታቅፎ ወደ ነሐስ ማቅለጫ ቤታችን ሲገባ በርሜሉን በጉልበቱ ገጨው። «ቀስ በል እንጂ ወንድም! ቀራጺው ቢያይህ ያንቅሃል!»

«አያንቀኝም» አለ እያለከለከ። «ቀራጺው እኔው ነኝ።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ!

ሐውልቷ ተቀምጠው ልብስ የሚሰፉ እናቱ ናቸው። ከጭቃዋ ሐውልት ቅርጿን የሚይዝ ሞልድ እንወስዳለን፤ ከሞልዱ ሰባት የሰም ቅጂ ይወጣል፤ ሰሙ ቀልጦ ሲፈስ ቦታውን ነሐስ ይይዛል። ሰባቱ ለሰብሳቢዎች ይሸጣሉ፤ ሞልዱ ይሰበራል። ስምንተኛ የለም። የእኔ ሥራ ነሐሱ ከመፍሰሱ በፊት ሰሙን ከእንከን ማጥራት ነው።

ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ዞር አለ። «አንገቷን አደራ!»

አየሁት። ከአንገቷ ኋላ የጣት ጫፍ የምታህል ጎድጎድ ያለች ነገር አለች። አስተካክይልኝ ማለቱ ነው አልኩ። ልጠይቀው ፈልጌ ነበር፤ ግን የዚያን ቀን ውርደት በቅቶኛል። የሰም ቅጂዎቹ በወጡ ቁጥር ደፈንኳት።

ሦስት ወር እናቱን ዓይናቸውን ሊያሳክም ሌላ ከተማ ከረመ። በስልክ «ሰሟ እንዴት ናት?» ብሎ ጀምሮ «ምሳ በላሽ?» ላይ ደረሰ። ከዚያማ «ድምፅሽን ካልሰማሁ ቀኑ አይመሽልኝም» አለ። እኔም ብሶብኝ ነበር። ሐውልቶቹን ከፊት ለፊት ፎቶ እያነሳሁ እልክለት ነበር። ስድስቱ ነሐስ ሆነው፣ ተጠቅልለው፣ ወደየገዢዎቻቸው ሄዱ።

ሲመለስ ቤቱ ወሰደኝ። የእናቱ ዓይን አልዳነም። እየዳበሱ እጄን ያዙ።

«አንቺ ነሽ ጣቴን ነሐስ ያደረግሽልኝ?»

«ጣትዎን?»

«ጭቃው ሳይደርቅ አንገቷን ዳስሳ የተወችው አሻራ ነው» አለ እሱ ፊቱ በርቶ። «አደራ ያልኩሽ እሱን እኮ ነው!»

እጄን ሳሙት። ስድስት ጊዜ የደፈነውን እጅ! መናገር ነበረብኝ። ሳልነግራቸው ተሰናብቼ ወጣሁ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ስልኩን ማንሳት ተውኩ። በሳምንቱ ሥራ ቦታዬ ድረስ መጣ።

«እናቴን አይተሽ ነው አይደል? ዓይኗ የማያይ ሰው መጦር ከበደሽ?»

«ኧረ በፍጹም! እኔ... ደፍኜዋለሁ።»

«ምኑን?»

«አሻራቸውን። ስድስቱም ላይ። አስተካክይው ያልከኝ መስሎኝ...»

ፊቱ አመድ መሰለ። «ስህተቱስ ይሁን። እያወቅሽ ግን እጅሽን ስትስምሽ ዝም አልሽ?»

ወጥቶ ሄደ።

አሥራ አንድ ቀን እህል አልወርድ አለኝ። ሰባተኛዋ ሰም ጠረጴዛዬ ላይ ነበረች። አንገቷን አልነካሁትም።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን የቀረችውን ሊያስዳስሳቸው እናቱን ክንዳቸውን ይዞ ወደ ማቅለጫ ቤቱ ገባ። እኔን ግን አላየኝም። አውራ ጣታቸውን ቀስ ብዬ ጎድጓዳዋ ላይ አሳረፍኩት። ልክክ አለች።

«ይቅር ይበሉኝ እማማ...» አለቀስኩ።

«ምን አድርገሽኝ? እኔ እንደሆንኩ ውሃ ልጠጣ ስሄድ ተደናቅፌ፣ እንዳልወድቅ አንገቷን ይዤ ነው! ቅኔ ያደረገው እሱ ነው!»

«እማዬ!» አለ ልጃቸው። «ታዲያ እስከ ዛሬ አትነግሪኝም?»

«ደስ ብሎህ ስታወራ ሰምቼ እንዴት አፌን ልክፈት? ዝም አልኩ።»

ያኔ ቀና ብሎ አየኝ። ሳቁና እንባው አንድ ላይ መጣ። «ሁለታችሁም አንድ ናችሁ! እኔ በማን ልቆጣ?» ብሎ ግንባሬን ሳመኝ።

ለስድስቱ ገዢዎች እውነቱን በገዛ እጄ ጻፍኩላቸው። አንዱ ሐውልቷን መለሰ፤ አምስቱ አቆዩ። ሰባተኛዋን ከነአሻራዋ ነሐስ አደረግናት፤ እሱም ላለመሸጥ ወሰነ። ሞልዱን አብረን ሰበርነው። በዚያው ዓመት ተጋባን።

አሁን ሰባተኛዋ ሳሎናችን ውስጥ ናት። ባሌ ይቅር ካለኝ ቆይቷል፤ እኔ ግን አቧራዋን ስወለውል አንገቷ ጋ ስደርስ እጄ ይቆማል። ጨርቁ ዝም ሲል አማቴ ከወዲያኛው ክፍል ይሰማሉ።

«ደረስሽባት?»

«ደረስኩ እማማ።»

«እንዳትደፍኛት!»