ሦስተኛው ዲያቆን

«ዋጥከው?»

አስማረ ራሱን ነቀነቀ። ከንፈሩ ላይ የቀረውን በሶ በእጁ ጠረገ።

ባንቺዓለም ክው አለች። ታናሽ ወንድሟ የቤተ ክርስቲያኑን አቀበት ሲወጡ ተዝለፍልፎ ወደቀ፤ ሞተብኝ ብላ አጎረሰችው። ዲያቆን መሆኑ ትዝ ያላት ከዋጠ በኋላ ነው። እህል የቀመሰ አይቀድስም።

«ለማንም እንዳትነግሪ፣ እታለም። እገባለሁ።»

«በልተህ?»

«ካልገባሁ ጊዮርጊስ ሊዘጋ አይደል!»

እውነቱን ነው። ቅዳሴ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይፈልጋል። ሌሎቹ ዲያቆናት ጠኔው ሲጠና ከየቤተሰባቸው ጋር አገር ለቀው ሄደዋል፤ የቀሩት ሁለት ናቸው፣ ሦስተኛው አስማረ። የአጥቢያው ሽማግሌ አያ አጥናፉ ደግሞ ቁርጡን ተናግረዋል፤ በንግሡ ቀን እንኳ መቀደስ ካልተቻለ፣ ታቦቱ ዛሬውኑ በወገዳ በኩል ወዳለው ደብር ይሄዳል።

ግቢው ውስጥ ጥቂት ሰው ተቀምጧል። ከሁለቱ ቄሶች አንዱ፣ አባ ኃይለ ሚካኤል፣ የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ ይዳብሳሉ።

«ይህን ድንጋይ አያቶቻችን ከወንዝ በጀርባቸው አመጡት። ጥሊያን ሲያቃጥለው ታቦቱን ይዘን ዋሻ ገባን። ሲወጣልን ሣር አጭደን መልሰን ከደንነው።»

«ጥሊያን ያልዘጋውን ጠኔ ሊዘጋው!» አሉ አያ አጥናፉ። ዞር ብለው አስማረን አዩት። «አንተ ደግሞ ምን ይገትርሃል? ሙሽራ ነህ እንዴ እስክትለመን? ግባ እንጂ!»

አስማረ ወደ በሩ ተራመደ። ባንቺዓለም ዝም ብትል ታቦቱ እዚሁ ይቀራል። ልጁ ግን ይህን ጉድ ይዞ መቅደስ ሊገባ ነው፤ ዕድሜ ልኩን ብቻውን ሊሸከመው ነው። ባንቺዓለም ነጠላውን ጨምድዳ ያዘችው።

«አባ፣ አይገባም። እህል ቀምሷል። እኔ ነኝ ያጎረስኩት፤ ወድቆብኝ።»

አባ ኃይለ ሚካኤል ልጁን ትክ ብለው አዩት።

«ጠገብክ?»

«አልጠገብኩም፣ አባ።»

«እሱ ያጥግብህ» አሉና ወደ ውስጥ ገቡ።

ሲወጡ ታቦቱን በራሳቸው ላይ ተሸክመዋል። አያ አጥናፉ ጃንጥላ ዘረጉ። ታቦት ሲወጣ ሴቱ በእልልታ ነበር የሚያጅበው፤ ዛሬ አንዲትም አፏን አልከፈተች።

«አንቺ ነሽ ያስወጣሽብን!» አሉ አሮጊቷ እማዋይሽ፣ እንባቸውን ሳይጠርጉ።

ባንቺዓለም ወደ ታቦቱ ዞረች። የግቢውን በር ሊያልፍ ነው። እንዲህ በዝምታ፣ እንደ ሌባ ይውጣ? ድምጿ ይሰበር ይሆናል። ይሰበር።

ብቻዋን እልል አለች።