ዘጠነኛዋ ክብ

«ለተከበራችሁ የሆስፒታላችን ሠራተኞች በሙሉ! ከሦስተኛ ፎቅ ሻይ ክፍል እጀታው ቀይ የሆነ ኩባያ በመሰወሩ አስተዳደሩ የተሰማውን ጥልቅ ቁጭት እየገለጸ፣ ወሳጁ ወደ ኅሊናው እንዲመለስ በአጽንኦት ያሳስባል።»

ማስታወቂያው ማኅተም አለው። ከሥሩ፣ በግማሽ ወረቀት፣ የራዲዮሎጂስቱ ታላቅ ወንድም ማረፉ ተነግሯል። ለሱ ማኅተም አልተረፈም።

መርፌ ሁለቱንም አነበበች። የሆስፒታሉ የውስጥ መርማሪ ናት፤ ቅጽል ስሙን ያወጡላት ቀጭንም ወጊም በመሆኗ ነው። ሥራ አስኪያጁ ያስጠራት ስለ ሟቹ ነበር፤ መጀመሪያ የጠየቃት ግን ስለ ኩባያው ነው።

ሟቹ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነበር። የሳንባ ካንሰሩ ወደ አንጎሉ ተዛምቶ እንደሆን ለማየት ከሁለት ወር በፊት ኤምአርአይ ተነሣ፤ ውጤቱ «ንጹሕ» አለ። ባለፈው ሳምንት መታጠቢያ ቤት ውስጥ አንቀጥቅጦት ወደቀ፣ በዚያው ቀረ። ኮምፒውተሩ ያኔ አጠራጣሪ ያላቸውን ዘጠኝ ቦታዎች በክብ ምልክት አድርጎባቸው እንደነበር የታወቀው ከሞቱ በኋላ ነው። ምስሉን ያነበበው ወንድሙ ራዲዮሎጂስቱ ስምንት ክብ ብቻ አየሁ ይላል። አንዷን ሰው ሰርዟታል።

«ምስሉን ያነሣችውን ልጅ ነገ ለፖሊስ እንሰጣታለን» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ነገሩ ይብረድ።»

«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንዳይሆን፣ እስከ ነገ ይታገሱኝ።»

ልጅቷ ዓይኗ አብጧል። «መሞቱን ስሰማ ከነከነኝ፤ ክቦቹን የሚያወጣውን ፕሮግራም ደግሜ ያስኬድኩት እኔ ነኝ። ለኔው ጦስ!»

«ስታነሺው ምን አለሽ?»

«"ልጄ፣ ምንም ቢወጣ ከእንግዲህ ሆስፒታል አልተኛም" አለኝ። ደግሞ ቀልደኛ ነበር፤ "ይሄ ማሽን ከኔ አውቶቡስ ብሶ ይጮኻል፣ ተሳፋሪው ግን አንድ!" ብሎ አሣቀኝ።»

ፕሮግራም ሠሪው ደረቱን ነፍቶ ተቀበላት።

«ክብ ለመሰረዝ የሚያስፈልገውን የይለፍ ቃል ማን ያውቀዋል?»

«ማን የማያውቀው አለ? ስክሪኑ ላይ ተለጥፏል።»

ምስሎቹን ወደ ላይ ወደ ታች አንሸራተተላት። ስምንቱ ነጠብጣቦች እንደ ክር ተመዘዙ፤ የደም ሥሮች ነበሩ። ዘጠነኛዋ ግን፣ የምስር ፍሬ የምታህለው፣ ብቅ ብላ ጠፋች፤ ዕጢ ነበረች።

«ይቺን ያኔ ትለያት ነበር?»

«ሐኪም ካሳየኝ በኋላማ ማን ያቅተዋል? ያኔ ብትጠይቂኝ ትልቁን ነበር የምጠቁምሽ።»

ራዲዮሎጂስቱ ጨለማ ክፍሉ ውስጥ ነበር። ፕሮግራሙ ሲገባ ባልደረቦቹ ትርፍ ተብለው ከተሸኙ ወዲህ፣ እዚያ ከሱ ሌላ የሚተነፍሰው ማቀዝቀዣው ብቻ ነው። የወንድሙንም ምስል የሚያነብለት ሌላ ሰው አልነበረም።

«አብራችሁ ነበር የምትኖሩት፣ ዶክተር?»

«ሁለታችን ብቻ።»

«አሁንስ?»

«አሁን ሬዲዮው ያወራል፣ እኔ እሰማለሁ።»

መርፌ የሚጠብቃት ሰው የሌለበትን የራሷን ቤት አሰበችና ማስታወሻዋን ዘግታ ወጣች።

በማግስቱ ሥራ አስኪያጁን ጨምሮ አራቱንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ልጅቷ ብትሆን ዝም ትል ነበር» አለች። «የተሰረዘችውን ክብ ያወጣችልን እሷው ናት። አንተ ደግሞ» ወደ ፕሮግራም ሠሪው ዞረች፣ «ብትሰርዝ የምትሰርዘው የሚያሳፍሩህን ስምንት ስሕተቶች ነው። ፕሮግራምህ እውነት የተናገረባትን አንዷን ምን ብለህ ታጠፋለህ?»

«ይሄ ምስጋና ነው ስድብ?»

«ግማሽ በግማሽ። እጁ ያዳለጠው ሰው ቢሆን ያገኘውን ይነካ ነበር፤ የሰነፍ ሐኪም እጅ ሁሉንም ይጠርግ ነበር። ይሄ እጅ ግን ስምንቱን ውሸት ትቶ እውነቷን ብቻ ለቀመ። የሰረዛት ያላያት አይደለም፤ ከሁላችን አጥርቶ ያያት ነው። እዚህ ፎቅ ላይ እንዲህ የሚያይ ዓይን አንድ ሰው ዘንድ ነው ያለው።»

ማንም ወደ ራዲዮሎጂስቱ አልዞረም። መዞር አላስፈለገም።

«ልጅቷን ተዉአት» አለ። «እኔ ነኝ።»

ልጅቷ አፏን በእጇ ይዛ ወጣች። ሥራ አስኪያጁ ስልኩን አነሣ።

መርፌ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ዶክተር፣ ሆስፒታል እንዳይተኛ እሱ ለምኖዎት ነው? ወይስ እሱ ሆስፒታል ሲገባ የሚቀርልዎትን ባዶ ቤት ፈሩት?»

ሰውየው ስክሪኑን አጠፋ።

«አልናገርም።»