ኮከብ የለበሰችው ቁልፍ

ሌባው በር አልሰበረም። መስኮትም አልነካ። በግድግዳ ነው የገባው።

ግድግዳው ደግሞ የጡብ አይደለም፣ የኮድ ነው። ይሄ ድርጅት የሚሸጠው ሶፍትዌር አንዱን ትልቅ ኮምፒውተር ከፋፍሎ ብዙ ኮምፒውተር ያደርገዋል። አንድ ግቢ፣ ብዙ ተከራይ በለው። እያንዳንዱ በየክፍሉ፣ የጎረቤቱን ሳል እንኳን ሳይሰማ ይኖራል። ትናንት ግን አንድ ሰው ድርጅቱ ለሙከራ ከያዘው ክፍል ተነስቶ፣ ግድግዳውን አልፎ፣ የአንድ ክሊኒክ ክፍል ገባ። የበሽተኛ ፋይል ከፍቶ አየ። ወጣ።

የማንን ፋይል? ክሊኒኩ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ትንፍሽ አልልም ብሏል።

የመጣውን መርማሪ ጓደኞቹ «ቁንጫ» ነው የሚሉት። ወንበር አይበረክትለትም። ቆሞ ይጠይቃል፣ እየተንጎራደደ ያስባል፣ ስታናግረው የእስክሪብቶ ክዳን እየከፈተ እየዘጋ ነፍስህን ያወጣዋል።

«ሌባዋ እኮ ተይዛለች» አለው ሥራ አስኪያጁ ገና ከበር። «ጠራጊዋ ናት።»

«የጽዳት ሠራተኛዋ?»

«ኧረ ፕሮግራመር ናት! ኮሜንት ስለምትጠርግ ነው እንዲያ የሚሏት።»

ኮሜንት ማለት ፕሮግራመሮች ኮዱ መሃል ለሰው ብለው የሚተዉት ማስታወሻ ነው። ማሽኑ አያነበውም፣ ዘሎት ያልፋል። ድሮ ሁሉም በፈለገው መልክ ሲጽፍ ከርሞ ኮዱ የልባሽ ጨርቅ ገበያ መስሎ ነበር። እሷ ነች ዩኒፎርም ያለበሰችው። መክፈቻ ምልክት፣ በየመስመሩ መነሻ አንዳንድ ኮከብ፣ መጨረሻ ላይ መዝጊያ። ስንትና ስንት ሺህ መስመር!

ሥራ አስኪያጁ ስክሪኑን አዞረለት። «ይቺ መስመር ቁልፏ ናት። ክፍሉ ያንተ ካልሆነ ተመለስ የምትለው። አየሃት? ኮከብ ለብሳ ኮሜንቶቹ መሃል ተሰልፋለች። ማሽኑ ኮሜንት መስላው ዘለላት፣ በሩ ወለል አለ። ለውጡ በማን ስም ነው? በሷ። እስከ ምሳ ሰዓት ይዘሃት ካልሄድክ ደንበኛ የሚባል አይቀርልኝም።»

ጠራጊዋ ትንሿ ስብሰባ ክፍል ተቀምጣለች። ዓይኗ አብጧል። ቁንጫ አልተቀመጠም።

«አንቺ ነሽ የደበቅሻት?»

«አይደለሁም።»

«በስህተትስ? ይሄ ሁሉ ሺህ መስመር፣ እጅ ይስታል።»

«እጄን መቼ አምኜው! ለዚህ አይደል በጠረግኩ ቁጥር የማስተያየው? ከመጥረጌ በፊት ከኮዱ ሶፍትዌሩን እሠራለሁ፣ ከጠረግኩ በኋላም እሠራለሁ። ኮሜንት ብቻ ከነካሁ ሁለቱ መንታ ይሆናሉ፣ ማሽኑ ኮሜንት አያይማ። የፀጉር ያህል ከተለያዩ አንድ ነገር ነክቻለሁ ማለት ነው።»

«ታዲያ መንታ ነበሩ?»

«ቁርጥ መንታ። አስቀምጫቸዋለሁ፣ ይዩዋቸው።»

ክዳኑ ተከፈተ፣ ተዘጋ። «ካንቺ በኋላስ ማን ነካው?»

ቀላል ጥያቄ ነበር። እሷ ግን ጠረጴዛውን አየች።

«ማንም።»

እዚህች ጋ ቁንጫን ራሱን አንድ ነገር ነከሰው።

ኮሪደሩ ላይ አንድ ወፍራም ልጅ ካርቶን ታቅፎ ወደ ደረጃው ሲጣደፍ አየ። «ቅቤ» የሚሉት ነው፣ ከጠራጊዋ ጎን የሚሠራ። ቁንጫ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን ዘሎ ደረሰበት።

«ወዴት ነው በሩጫ?»

«ሥራ ለቅቄያለሁ ወንድሜ! መልቀቅም ወንጀል ሆነ?»

«ወዴት ነው የምትሄደው?»

«እ... ተፎካካሪዎቻችን ጋ።»

«ኧረ? የግድግዳ መብሻ ይዘህላቸው?»

ካርቶኑን አስከፈተው። ነጠላ ጫማ፣ ኩባያ፣ የተሰነጠቀ መስታወት። ሌላ የለም።

«እኔ የራሴን ኮሜንት እንኳን አላነብም ወንድሜ!» ቅቤ ላቡን ጠረገ። «ደግሞ እዛ ኮድ ላይ ጋሼ ሳይፈቅድ አንዲት ፊደል አትገባም።»

«ጋሼ ማነው?»

«ግድግዳውን የሠራው ነዋ፣ አለቃችን። ሚስቱ ከሞተችበት ወዲህ ቤቱ እዚሁ ሆኗል። እኔ ሥራ ሳስገባ እንከን ለቅሞ ይመልስብኛል። ለጠራጊዋ ግን፣ ተይው ልጄ፣ የቀረውን ኮከብ እኔ አሰልፍልሻለሁ፣ አንቺ እረፊ ይላታል! ራሱ ይጨርስላታል፣ በስሟ ያስገባላታል። የእንጀራ ልጅ እኔ ነኝ እዚህ ቤት።»

ቁንጫ ካርቶኑን መለሰለትና ሮጠ። ሌሎቹ ፕሮግራመሮች ጠራጊዋ ያስቀመጠችውን ሶፍትዌር ለደንበኞች ከወጣው ጋር አስተያዩለት። መንታ አልነበሩም። ቁልፏ ከጠራጊዋ እጅ ስትወጣ ነቅታለች፣ ደንበኞቹ ጋ ስትደርስ ተኝታለች። በመሃል ያለው እጅ ደግሞ አንድ ነው።

ወደ ትንሿ ክፍል ተመለሰ።

«ጋሼ እንደነካው ለምን አልነገርሽኝም?»

«ኮከብ ሊያሰልፍልኝ ነው እኮ! ኮከብ ማሰለፍ መንካት ነው?» ድምጿ ተሰበረ። «እዚህ ስመጣ ሰላም የሚለኝ አልነበረም። እሱ ነው ያስተማረኝ። በሱ ላይ ጣቴን ልቀስር?»

የጋሼ ቢሮ በሩ ገርበብ ብሏል። ሰውየው ኮቱን ለብሶ፣ የሚጠብቁት ሰው እንዳለ ሁሉ፣ እጁን ጠረጴዛው ላይ አጣምሯል። ቁንጫ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። በዚያ ቀን የመጀመሪያው መቀመጡ ነው።

«ክሊኒኩ የማን ፋይል እንደተከፈተ አልነግርም ብሎኛል። እኔ ልገምት? የባለቤትዎ ነው።»

ጋሼ አልካደም። እንደውም ትከሻው ወረድ አለ።

«ስንቴ ለመንኳቸው። ኃላፊው የለም፣ ነገ ና፣ ደብዳቤ አምጣ። ምን ገደላት ነው ያልኩት፣ ሌላ ምን አልኩ? ፋይሏ ያለው ደግሞ በገዛ እጄ ከሠራሁት ግድግዳ ጀርባ። ቁልፏን ትንሽ ላስተኛትና፣ አይቼ ልመልሳት ነበር።»

«ምን አገኙ?»

ጋሼ የተጣመሩ እጆቹን አየ። ቁንጫም ለመጀመሪያ ጊዜ እስክሪብቶውን ተወ።

«በነሱ እጅ ነው የሞተችው ብዬ ነበር። ፋይሉ ግን ዘግይታ መጣች ይላል። ያዘገየኋት እኔ ነኝ። ይቺን ሥራ ልጨርስና ነገ እንሄዳለን፣ ነገ እንሄዳለን ስላት።»

በሩ ተንቀሳቀሰ። ጠራጊዋ ቆማለች።

«በኔ ስም ለምን፣ ጋሼ? ልታሰር እኮ ነበር።»

ሰውየው ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። «እዚህ ይደርሳል አላልኩም። ያንቺ ሥራ ኮሜንት ነው ልጄ... ማንም አያነበውም ብዬ ነው።»

ቁንጫ ክንዱን ይዞ አስነሳው። በሩ ጋ ሲደርሱ ጠራጊዋ መንገድ አልለቀቀችም።

«እኔ አንብቤዋለሁ» አለች። «ያንተን ኮሜንት አንድም ሳልዘል። ከዚያች ቁልፍ በላይ የጻፍከውንም። 'ይቺን ማንም አይንካት፣ ከጀርባዋ የሰው ገመና አለ' ብለህ ነበር። ኮከብ ያለበስኩለት እኔ ነኝ።»

ከዚያ መንገዱን ለቀቀችላቸውና ቁልፏን ልታነቃ ወደ ጠረጴዛዋ ሄደች።