ቀኑን የሳተው እንቁላል

ቀይ የተቀባው እንቁላል የተገኘው ሰኞ ጠዋት፣ በተዘጋው ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ነው። አልባኒያ ውስጥ ሃይማኖት በሕግ ከታገደ ወዲህ እንዲህ ያለ እንቁላል ወህኒ ያወርዳል።

ፖሊሱ ሶቲር በመሀረብ ጠቅልሎ ለአዛዡ አቀረበ።

"ፓንዴሊ ነው" አለ አዛዡ፣ ገና ሳያየው። "የድሮ ቄስ አይደል? የቤተ ክርስቲያኑን መጻሕፍት አቃጥለናል። ከሱ ሌላ የፋሲካን ቀን ማን ያሰላል? እስከ ማታ አሳምነው። ባያምንም ወህኒ ይወርዳታል።"

ሽማግሌውን ከኅብረት እርሻው የበግ በረት አመጡት።

"አንተ ነህ?" አለው ሶቲር።

"አይደለሁም።"

"ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው።"

"ልጄ፣ ቄስ ፋሲካን አይስትም። ትናንት ያለፈው የሰሜኖቹ የካቶሊኮቹ ነው። የእኛ የኦርቶዶክሶቹ ገና አምስት ሳምንት ይቀረዋል።"

"በምን አወቁ፣ አባ?"

"ጨረቃን አላገዳችሁማ።"

ሶቲር ነገሩን አገናዘበ። በየዓመቱ ከዋና ከተማ የምስጢር ትእዛዝ ይመጣል፦ በዚህ ቀን ፋሲካ ነው፣ ወጥ ቤቶችን ጠብቁ። ዘንድሮ የላኩት የካቶሊኮቹን ቀን ኖሯል። የቢሮ ሰው ሁለት ፋሲካ መኖሩን የት ያውቅና! ቀኑን የተነገራቸው አዛዡና እሱ ብቻ ናቸው። አዛዡ ለሚስቱም ትንፍሽ አይልም። እሱም አልተነፈሰም። ግን ለጥበቃ ካፖርቱን ሲደርብ የምታይ እናት አለችው።

ቤት ሲገባ እናቱ ኡራኒ የቦሎቄ ሾርባ አቀረበችለት። እናትና ልጅ ለዓመታት አንድ ገበታ ሲቀርቡ ስለ እግዜር አንዲት ቃል ተነጋግረው አያውቁም።

"እማዬ፣ ቀኑን ማን ነገረሽ?"

አልካደችም። "አንተ ነሃ። በዓመት አንዲት ቅዳሜ ሌሊቱን ሙሉ ጥበቃ ትወጣለህ። ያኔ 'ክርስቶስ ተነሣ' እላለሁ። የሚመልስልኝ የለም። ብቸኝነቱ ሲመረኝ፣ አንድ ሰው እንኳ ይየው ብዬ ደጃፉ ላይ አኖርኩት።"

"ቀኑ ስህተት ነው። ፋሲካ ገና ነው።"

እጇን አፏ ላይ ጫነች። ወህኒው አልታያትም። "ወይኔ፣ ጾሙን ገደፍኩት?"

"አባ ፓንዴሊን አስረዋቸዋል።"

ሻሿን አንሥታ ተነሣች። "በሰው ጫንቃ ኃጢአቴን አልጥልም።"

"ተቀመጪ። አንቺን እስር ቤት አንድ ክረምት አያቆይሽም። እኔ አስፈታቸዋለሁ።"

"በማን ስም?"

ካፖርቱን ደረበ። ገባት። ክንዱን ይዛ አለቀሰች፤ እሱ ግን በሩ ላይ ደርሷል።

"አሁን በይኝ፣ እማዬ።"

"ቀኑ አይደለም እኮ።"

"በቀኑ እኔ አልኖርም።"

"ክርስቶስ ተነሣ" አለች።

"በእውነት ተነሣ" አላትና ወጣ።

ጣቢያው ውስጥ አዛዡ እየጠበቀው ነበር። "አመነልህ?"

"ሽማግሌው ንጹሕ ናቸው። ትናንትን ፋሲካ ብሎ የሚያውቅ በዚህ መንደር ሁለት ሰው ነው፤ እርስዎና እኔ።"

የአዛዡ ፊት አመድ መሰለ።

"አይጨነቁ፣ ጓድ አዛዥ" አለ ሶቲር፣ የጥፋተኝነት ቃሉን የጻፈበትን ወረቀት አቀብሎት ቀበቶውን እየፈታ። "እርስዎን አልጻፍኩም።"